የመጡትና የቀሩት፦ የእንግሊዝኛ መምህራን በቻይና

ቻይና ውስጥ የውጭ ሰውን በቋንቋ መርዳት አንገት ያስቆረጠበት ጊዜ ነበር። በ1759 (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጄምስ ፍሊንት የሚባል፣ ቻይንኛ አሳምሮ የተማረ እንግሊዛዊ ነጋዴ የካንቶን ወደብ ሹማምንትን በደል የሚዘረዝር አቤቱታ ይዞ በመርከብ ወደ ሰሜን ተጓዘ። አቤቱታው ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ዘንድ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ጉዳዩን አስመርምረው የወደቡን ሹም ሻሩት፤ ፍሊንትንም ደንብ ጥሷል ብለው ማካው ላይ ሦስት ዓመት አሰሩት። አቤቱታውን በቻይንኛ የጻፈለት ሊዩ ያቢየን ግን በሞት ተቀጣ።

ፍሊንት እስሩን ጨርሶ ወጣ፤ ሊዩ ተቀበረ። በቻይና የእንግሊዝኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ይህ ልዩነት መልኩን እየቀያየረ ደጋግሞ ይመጣል። የውጭው ሰው ይመጣል፣ ይጻፍለታል፣ ይሄዳል። ሥራውንም ዳፋውንም የሚሸከመው የአገሬው ሰው ነው። እንዲህ የምለው ከዳር ቆሜ አይደለም፤ እኔም ከመጡትና ከሄዱት አንዱ ነኝ።

ያደግኩት ደሴ ነው። አባቴን እንግሊዝኛ ያስተማሩት ፒስ ኮር የሚባሉ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ቤታችን ውስጥ ስማቸው ሳይነሣ የሚያልፍ በዓል አልነበረም። እኔ ደግሞ በቻይና መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል የባቡር መስመር ምህንድስና ልማር የሁናን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ወደሆነችው ቻንግሻ ሄድኩ። ማስተማር በሐሳቤ አልነበረም። የክፍሌ ልጆች በየክረምቱ ወደ ተራራማው የሁናን ምዕራብ ወርደው የገጠር ልጆችን በነፃ ያስተምሩ ነበርና አብረን እንሂድ አሉኝ። ዩኒቨርሲቲው ፈቀደ፤ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ መሄዱን ለመድኩት። ከእኔ በፊት ማን እንደመጣ የጠየቅሁትም ያኔ ነው።

ቋንቋው ይግባ፣ ሌላው ይቅር

መጀመሪያ የመጣው የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አልነበረም። ካንቶን ውስጥ ነጋዴዎች የሚግባቡት በተቆራረጠ የወደብ እንግሊዝኛ ነበር። ቃሉን የሚያጠኑትም የእንግሊዝኛውን ድምፅ በቻይንኛ ፊደል ካሰፈሩ ትናንሽ መጻሕፍት ነው። በእንዲህ ያለ እንግሊዝኛ ሻይና ሐር ይሸጣል፣ ውል ግን አይመረመርበትም። ችግሩ የታወቀው ቻይና በጦርነት ተሸንፋ በ1858 የቲየንጂንን ውል ስትፈርም ነው። ውሉ የእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤዎች በእንግሊዝኛ እንደሚጻፉ፣ የቻይንኛ ትርጉም የሚያያዘው ለጊዜው ብቻ እንደሆነ፣ አለመግባባት ሲነሣም የእንግሊዝኛው ቅጂ እንደሚጸና ደነገገ። የባላጋራህን ቋንቋ ካላወቅህ የፈረምከውን አታውቅም ማለት ነው።

ስለዚህ በ1862 ቤጂንግ ላይ ቶንግወን ጓን የሚባል የቋንቋ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ዐሥር የማንቹ ብሔረሰብ ልጆች ነበሩ። መምህራቸው ጆን በርደን የሚባል እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ ሲሆን፣ ሲቀጠር የተነገረው ነገር አጭር ነው፦ ቋንቋ አስተምር፣ ሃይማኖት አትስበክ። ሚሲዮናዊን ለማስተማር ቀጥሮ ስብከት መከልከል ግራ ሊመስል ይችላል። የቻይና መንግሥት ግን ይህችን ደንብ ያኔ ካወጣት በኋላ ዛሬም አልለቀቃትም፤ መንግሥት ሲለወጥ የሚለወጠው የተከለከለው ነገር ስም ብቻ ነው።

የትምህርት ቤቱ ፍሬ በአንድ ትውልድ ጊዜ ታየ። በ1891 ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ጓንግሹ እንግሊዝኛ ልማር ሲል ቤተ መንግሥት የተጠራው ፈረንጅ አልነበረም። የተጠሩት ከቶንግወን ጓን የወጡ ቻይናውያን ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ አውሮፓን ደጋግሞ ያየው ዣንግ ደዪ ነበር።

ቻንግሻ ላይ

ቻንግሻ ለውጭ ሰው በሯን ዘግታ በመቆየት የታወቀች ከተማ ነበረች። ለውጭ ንግድ የተከፈተችው በ1904 ነው። በቀጣዩ ዓመት ኤድዋርድ ሂዩም የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከቤተሰቡ ጋር ገባ። የላከው የዬል ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ያቋቋሙት ማኅበር ነው። በ1906 ሺፓይሎ በሚባለው መንገድ ላይ ያሊ የተባለ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ተከፈቱ። ክሊኒኩ ዛሬ ሺያንግያ የሚባለው ታላቅ ሆስፒታል ሆኗል፤ እኔም ስታመም የታከምኩት እዚያ ነው።

ያሊ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበሩት ባብዛኛው ገና የተመረቁ፣ ያላገቡ የዬል ልጆች ነበሩ። ለሁለት ዓመት ያህል መጥተው ይመለሳሉ። የዛሬው የበጎ ፈቃድ መምህርነት ወጉ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ፦ ወጣትነቱ፣ የሁለት ዓመት ገደቡ፣ ትንሿ ደመወዝ፣ ግቢ ውስጥ የሚሰጠው ቤት፣ ቻይንኛ በትርፍ ጊዜ መማሩ፣ ሲመለሱ የሚጻፈው መጽሐፍ።

የከተማዋ ተማሪዎች ከእነዚህ ወጣቶች የሚፈልጉትን እየመረጡ ይወስዱ ነበር። በ1919 የሺያንግያ ሕክምና ተማሪዎች ያሳትሙት የነበረውን መጽሔት ማኦ ዜዶንግ የሚባል የሁናን ወጣት ለጥቂት ጊዜ አዘጋጅቶታል። በማግሥቱ ዓመት ጓደኞቹን ይዞ የከፈተው የመጻሕፍት መሸጫም ክፍሎቹን የተከራየው ከዚሁ ተቋም ነበር። ክርስቲያኖችን አፈራለሁ ብሎ የመጣው ዬል ያከራየው ቤት የማርክስ መጻሕፍት መደብር ሆነ። ከቻይና የትምህርት ታሪክ ውስጥ እኔን ከሚያስቁኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

በ1927 መጀመሪያ፣ በአብዮቱ ነውጥ ውስጥ፣ አሜሪካውያኑ ከተማዋን ለቀው ወጡ። ሲመለሱ ትምህርት ቤቱ በቻይናውያን እጅ ነበር። በ1938 የጃፓን ጦር ሲቃረብም ያሊን ወደ ተራራው፣ ወደ ዩዋንሊንግ ያሻገረው ላኦ ቺሺያንግ የሚባለው ቻይናዊ ርዕሰ መምህር ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር የገዛ መንግሥቷ ለጠላት ምንም እንዳይተርፍ ብሎ ቻንግሻን አቃጠላት። ተማሪዎቹ በስደት ላይ ሆነው እንግሊዝኛቸውን ቀጠሉ።

ከቻንግሻ በስተደቡብ ናንዩዌ የሚባል የተቀደሰ ተራራ አለ። በ1937 መጨረሻ ከቤጂንግና ከቲየንጂን የተሰደዱ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ጽሑፍ ክፍላቸውን እዚያ አስፍረው ነበር። ዊልያም ኤምፕሰን የሚባል እንግሊዛዊ ገጣሚና ሐያሲ አብሮ ተሰደደ። ቤተ መጻሕፍቱ ከኋላ ቀርቷል፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛን ግጥም በቃሉ ከያዘው እያወጣ ያስተምር ነበር። የኤምፕሰንን ጀብዱ የሚያወሱ ብዙዎች ናቸው። እኔ የሚደንቀኝ ግን ተማሪዎቹ መጽሐፍ ሳይኖር በቃል መማርን እንደ ጀብዱ አለመቁጠራቸው ነው። እነሱ ከልጅነታቸው የለመዱት ትምህርት ይኸው ነበር።

ነገሩ ዛሬም አልጠፋም። ቻንግሻ በገባሁ ሰሞን ጠዋት ሳይነጋጋ መስኮቴ ሥር ጉርምርምታ ሰማሁ። ብቅ ስል ተማሪዎች በየዛፉ ሥርና በየደረጃው ላይ ተበታትነው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንግሊዝኛ ያነባሉ። ማንም ማንንም አይሰማም። ዛኦዱ ይባላል፤ የጠዋት ንባብ ነው። ትምህርት ቤቶች ውስጥ በፕሮግራም የተያዘ ክፍለ ጊዜ አለው። ፈረንጅ መምህራን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያማርሩበት ኖረዋል፦ ያነበንባሉ እንጂ አይናገሩም፣ ይሸመድዳሉ እንጂ አያስቡም እያሉ። እኔ ግን ቄስ ትምህርት ቤት ቆይቼ ስለማውቀው ብዙም አልገረመኝም። ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ ልጅ በድምፁ ብዛት ፊደል የሚገራበት ቤት ሌላ ምን ይመስላል?

ማን ዋጋ ከፈለ?

በ1949 ሕዝባዊ ሪፐብሊኩ ሲመሠረት ሚሲዮናውያኑ አበቃላቸው። የዬል የመጨረሻው ተወካይ በ1951 ከቻንግሻ ተባረረ። በ1952 በመላ አገሪቱ የሚሲዮን ዩኒቨርሲቲዎች ፈርሰው ከመንግሥት ተቋማት ጋር ተቀላቀሉ። የጊዜው ቋንቋ ሩሲያኛ ሆነ፤ የእንግሊዝኛ መምህራን በሌሊት ሩሲያኛ እያጠኑ በቀን ሩሲያኛ አስተማሩ። በ1960 ሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎቿን በድንገት ስታስወጣ እነዚያው መምህራን ወደ እንግሊዝኛ እንዲመለሱ ታዘዙ። የሁለቱ መንግሥታት ጠብ በመማሪያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ነበር የሚታየው።

የውጭ ሰው ሁሉ ሄዷል ማለቴ ግን አይደለም። የካናዳ ሚሲዮናውያን ልጅ ሆነው በ1915 ቼንግዱ ውስጥ የተወለዱት ኢዛቤል ክሩክ እና በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉት እንግሊዛዊ ባለቤታቸው ዴቪድ በ1947 የገጠሩን የመሬት ለውጥ ለማጥናት መጡ። በ1948 የኮሚኒስት ፓርቲው ቆይታችሁ የወደፊት ዲፕሎማቶቻችንን እንግሊዝኛ አስተምሩልን አላቸው። ትምህርት ቤቱ ናንሃይሻን በሚባል የኸበይ መንደር ውስጥ ነበር። ኋላ ቤጂንግ ገብቶ የዛሬው የቤጂንግ የውጭ ጥናት ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዴቪድ ክሩክ በባህል አብዮቱ ጊዜ ሰላይ ተብለው ከ1967 እስከ 1973 ታሰሩ። ከእስር ሲወጡ አገር አልለቀቁም። ኢዛቤል በ2019 ከፕሬዚዳንቱ እጅ የወዳጅነት ሜዳሊያ ተቀበሉ፤ በ2023 በ107 ዓመታቸው ቤጂንግ ውስጥ ዐረፉ። የውጭ መምህርም ዋጋ ይከፍላል ለሚለኝ የምጠቅሰው እነሱን ነው። እንደነሱ ያሉ ግን ጥቂቶች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ከአእምሮዬ የማይወጣው በ1973 በሔናን ክፍለ ሀገር ታንግኸ ወረዳ፣ ማዠንፉ በሚባል ቀበሌ የሆነው ነው። አንዲት የገጠር ልጅ በእንግሊዝኛ ፈተናዋ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ቻይናዊት ሆኜ የውጭ ቋንቋ ምን ያደርግልኛል የሚል ስንኝ ጻፈች። መምህሯ ገሠጿት፤ ርዕሰ መምህሩ በጉባኤ ፊት ነገሩን አንሥቶ ነቀፈ። ልጅቱ ራሷን ውኃ ውስጥ ጥላ ሞተች። በማግሥቱ ዓመት የማኦ ባለቤት ጂያንግ ቺንግ ወሬውን ይዛ ዘመቻ ከፈተችበት፤ መምህሯና ርዕሰ መምህሩ እስር ቤት ገቡ፤ በመላ አገሪቱ የእንግሊዝኛ መምህራን ጠመኔ ለማንሣት ፈሩ። የሞተችውም የታሰሩትም ፈረንጅ አይተው አያውቁ ይሆናል። የእንግሊዝኛ ዕዳ ግን የወደቀው በእነሱ ላይ ነበር።

በሩ ሲከፈት

ማኦ ካረፉ በኋላ ነገሩ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። በ1977 መጨረሻ ተቋርጦ የነበረው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ጋኦካኦ ተመለሰ፤ 5.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተፈትኖ 273,000 ያህሉ አለፈ። የእንግሊዝኛ ውጤት መጀመሪያ ከምንም አይቆጠርም ነበር። ከዚያ ድርሻው በየዓመቱ እየጨመረ ሄዶ በ1983 ሙሉ በሙሉ ተቆጠረ። ቻይናን እንግሊዝኛ ያስያዘው ምንድነው ብሎ ለሚጠይቀኝ መልሴ ይኸው ፈተና ነው።

በ1982 የቢቢሲ «ፎሎው ሚ» የተባለ የቋንቋ ትምህርት በማዕከላዊው ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ካቲ ፍላወር የምትባል እንግሊዛዊት እና ሁ ወንዦንግ የሚባሉ ቻይናዊ መምህር ይመሩት ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጎረቤቱን ሰብስቦ ያይ ነበር። የቻንግሻ ሽማግሌዎች ዛሬም ሙዚቃውን ያስታውሱታል። ሻንግሃይ ውስጥ ደግሞ ሰዎች በሕዝብ መናፈሻው እሑድ እሑድ እየተገናኙ እንግሊዝኛ ብቻ ያወሩ ጀመር። የእንግሊዝኛ ማዕዘን የሚሉት ይህ ወግ በየከተማው ተዛመተ።

ሰው ተፈለገ፤ በጎ ፈቃደኛውም ጎረፈ። የእንግሊዞቹ የበጎ ፈቃድ ድርጅት ቪኤስኦ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ገባ። የዬል ማኅበርም ወደ ቻንግሻ ወጣት መምህራን መላክ እንደገና ጀመረ። በ1985 ናንጂንግ ላይ በቻይናውያን ክርስቲያኖች የተቋቋመው የአሚቲ ፋውንዴሽን የውጭ አብያተ ክርስቲያናት የሚልኳቸውን መምህራን በየመምህራን ኮሌጁ ይመድብ ጀመር። ስምምነቱ የበርደን ነበር፦ ቋንቋ አስተምሩ፣ አትስበኩ።

ፒስ ኮር በ1989 ሊገባ ተዘጋጅቶ፣ በዚያው ዓመት በቲየናንመን አደባባይ ሰልፈኞች ላይ በተወሰደው የኃይል እርምጃ ምክንያት ቀረ። በ1993 በቼንግዱ በኩል ወደ ሲቹዋን ሲገባ ስሙን ትቶ ገባ። ፒስ ኮር የሚለው ስም በማኦ ዘመን የኢምፔሪያሊዝም መሣሪያ ተብሎ ሲወገዝ ኖሯልና፣ «የአሜሪካና የቻይና ወዳጅነት በጎ ፈቃደኞች» ተባሉ። የእኛም ተማሪዎች በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ፒስ ኮር ይውጣ ብለው እንደጮኹ ለሚያስታውስ ነገሩ እንግዳ አይደለም። እኛ ዘንድ በ1962 ገብተው በደርግ ጊዜ፣ በ1977 ወጡ።

ቻይና ከገቡት የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች ስሙ የገነነው ፒተር ሄስለር ነው። በ1996 ከአንድ ጓደኛው ጋር ከቾንግቺንግ በጀልባ ተሳፍሮ ፉሊንግ ገባ። ፉሊንግ ያንግትዜና ዉ የሚባሉት ወንዞች የሚገናኙበት፣ ያን ጊዜ ባቡር ያልገባበት፣ ከሰናፍጭ ዘመድ በሚሠራ ጨው የተነከረ አትክልት የታወቀ ከተማ ነው። ተማሪዎቹ ተመርቀው በየገጠሩ መካከለኛ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የገበሬ ልጆች ነበሩ። እሱ በ2001 ስለ ፉሊንግ የጻፈውን መጽሐፍ አሳትሞ በዓለም ታወቀ። ለፍትሐዊነቱ ግን፣ ከሌሎች ፈረንጆች ይልቅ ስለ ተማሪዎቹ የኋላ ኑሮ ለዓመታት እየተከታተለ የጻፈ እሱ ነው።

እንግዲህ መንግሥት በጎ ፈቃደኞቹን ወደ መምህራን ኮሌጅ የላከው አስቦበት ነው። አንድ የውጭ ሰው አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሁለት ዓመት ቢቆይ የሚቀረው ተማሪው ነው፤ ተማሪው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ መምህር ነው። በ2001 እንግሊዝኛ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ሲወሰን ትምህርቱን የተሸከሙት እነዚህ የኮሌጅ ልጆች ናቸው።

አንድ የገጠር ክረምት

የተመደብኩባት መንደር በምዕራብ ሁናን፣ የቱጂያና የሚያኦ ብሔረሰቦች በሚኖሩበት ሺያንግሺ ውስጥ ናት። የልጆቹ ወላጆች ባብዛኛው በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ፋብሪካዎች ውስጥ ሲሠሩ ልጆቹ ከአያቶቻቸው ጋር ይኖራሉ። ትምህርት ቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ከፊቱ የቅርጫት ኳስ ሜዳና ሰንደቅ ዓላማ፣ ከጓሮው ወጥ ቤትና የውኃ ማፍያ አለ። ጠዋት ሁላችንም ፔርሙዛችንን ይዘን ለፈላ ውኃ እንሰለፋለን። ቀዝቃዛ ውኃ የሚጠጣ ሰው ካዩ የወጥ ቤቷ ሴትዮ ይቆጣሉ።

ቀኑ በድምፅ ማጉያ ይመራል። ማጉያው ሲጮኽ ልጆቹ ሜዳ ወጥተው ስፖርት ይሠራሉ። በሌላ ጊዜ ሲጮኽ ዓይናቸውን ጨፍነው በሙዚቃው ልክ ቅንድባቸውንና የዓይናቸውን ዙሪያ በጣታቸው ይጫናሉ፤ ዓይን እንዳይደክም የሚደረግ የትምህርት ቤት ሥርዓት ነው። ከምሳ በኋላ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይተኛል። ሩዙ ላይ የሚጨመረው በርበሬ ግን የሚያስተኛ አልነበረም። ሁናኖች በበርበሬ ይኮራሉ። ወሎዬ መሆኔን ያላወቁ አስተናጋጆቼ ሊፈትኑኝ ሞክረው ነበር፤ ያላበኝ እኔ አልነበርኩም።

ልጆቹ መጀመሪያ ቀን ፀጉሬን ለመንካት ተሰለፉ። ከዚያ ግን ላኦሺ ሆንኩ፤ ለመምህር ሁሉ የሚሰጥ መጠሪያ ነው። ሲገቡ ሁሉም በአንድነት ብድግ ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ የክፍል አለቃዋ ስታዝዝ ይቀመጣሉ። ደጋግሜ ያስተማርኳቸው ምላስ በጥርስ መሀል ገባ ብሎ የሚነገረውን ድምፅ ነው። ድምፁ በአማርኛም በቻይንኛም የለምና እኔም በልጅነቴ ደሴ ላይ ስታገልበት ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ምላሴን አውጥቼ እንዴት እንደምይዘው ሳሳያቸው ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ ሳቁ ሲበርድ ድምፁ ይወጣል።

የትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ መምህርት አምሳዎቹን የተጠጉ ሴት ነበሩ። ሒሳብም ያስተምራሉ። የተማሩት በወረዳው የመምህራን ትምህርት ቤት ነው፤ እኔ እስክመጣ ድረስም ከውጭ ሰው ጋር በእንግሊዝኛ አውርተው አያውቁም ነበር። ክረምቱን አርፈው መክረም ሲችሉ እያንዳንዷን ክፍለ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይከታተሉ ነበር። እኔ ያረምኩት ደብተር ማታ ማታ በቀይ እስክሪብቶ እንደገና ይታረማል። ልንመለስ ስንል አንድ ነገር ለመኑኝ፦ የሦስተኛ ክፍልን መጽሐፍ ቃላት በሙሉ እያነበብኩ በስልካቸው እንድቀዳላቸው። «እርስዎ ይሄዳሉ፤ ድምፅዎ ይቅር» አሉኝ። ወጥ ቤቱ ጸጥ እስኪል ጠብቀን፣ መስኮት ዘግተን፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ቃል ስዘል ደግመው አስነበቡኝ። እንደሰማሁት ለብዙ ጊዜ ተጠቅመውበታል። ሺያንግሺ ውስጥ በደሴ ቅላጼ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ካጋጠማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መምህርቷ ያደረጉት በርደንን የቀጠሩት ሹማምንት ያደረጉትን ነው፦ የሚቀረውን ያዙ፣ የሚሄደውን ሸኙ። ልዩነቱ ሹማምንቱ ሥልጣን ነበራቸው፤ እሳቸው ያላቸው አንድ ስልክ ነው።

ስለ እንግሊዝኛ ትምህርት ገበያውም አንድ ነገር ልበል። ከተማ ውስጥ የእንግሊዝኛ ማሠልጠኛዎች እንደ አሸን ፈልተው በነበረበት ጊዜ አንድ የግል ማሠልጠኛ ያናገረኝ በስልክ ነበር፤ እንግሊዝኛዬን ወደዱት፤ ፎቶ ላክ አሉኝ፤ ከላክሁ በኋላ ጠፉ። ለእንግሊዝኛ መምህርነት የሥራ ፈቃድም በመሠረቱ የሚሰጠው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ከሆነ አገሮች ለመጡ ነው። በጎ ፈቃድ ላይ እኔን የሚጠይቀኝ ማንም አልነበረም። በነፃ ሲሆን ቀለምም ፓስፖርትም አይታይም።

ዘመኑ ግን አለፈ። በጥር 2020 ፒስ ኮር ከቻይና መውጣቱን አስታወቀ፤ የኮቪድ ወረርሽኝ ተከትሎ የነበሩትም በችኮላ ተሸኙ። ከ1993 ጀምሮ ከ1,300 በላይ በጎ ፈቃደኞች አገልግለው ነበር። በ2021 ክረምት መንግሥት ለትርፍ የሚሠሩ የትምህርት ማሠልጠኛዎችን የሚገታ ደንብ ሲያወጣ የግሉ ገበያም ፈረሰ። የውጭው ሰው እንደገና ወጣ። መስከረም ሲጠባ ግን በየገጠሩ የጠዋት ንባቡ ቀጠለ፤ ያስነበቡት እነዚያው መምህራን ናቸው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ቻይናን እንግሊዝኛ ያስተማሯት የውጭ በጎ ፈቃደኞች አይደሉም፤ እኛ የአፍ ማረሚያ ነበርን። ያስተማሯት ሩሲያኛ ሲባሉ ሩሲያኛ፣ እንግሊዝኛ ሲባሉ እንግሊዝኛ ያስተማሩ፣ በዚያም የታሰሩ፣ በትንሽ ደመወዝ ተራራ ላይ የቀሩ መምህራን ናቸው። እኛ አገር ደግሞ ስለ ፒስ ኮር ሲነሣ የማይናገር አዛውንት የለም፤ እነሱ ከሄዱ በኋላ በየአውራጃው ጠመኔውን ተቀብሎ ሠላሳ ዓመት ያስተማረውን የአገራችንን መምህር ግን የመዘገበለት ጥቂት ነው። ያስተማሯችሁ በሕይወት ካሉ ሂዱና ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉት።